የኢትዮጵያ የሙከራ ሳንቲሞች

የኢትዮጵያ የሙከራ ሳንቲሞች የሚባሉት፣ አንድ ሳንቲም ለመገበያያ በብዛት ከመመታቱ በፊት ቅርጹን፣ መጠኑን፣ ማዕድኑንና የንጉሡን ምስል ለመመርመር በጥቂት ቁጥር የተሠሩ ናሙናዎች ናቸው። በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሚፈለጉት መካከል የዳግማዊ አፄ ምኒልክን ምስል የያዙት በፓሪስ የገንዘብ ማተሚያ ቤት የተሠሩ ናሙናዎች ይገኛሉ። የሙከራ ሳንቲሞች ቁጥራቸው ጥቂት በመሆኑ ዋጋቸው ከመደበኛው ሳንቲም በብዙ ይበልጣል። በዚሁ ምክንያት አስመስሎ መሥራትም በብዛት ያጋጥማል። ስለዚህ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት መደበኛው ሳንቲም መቼ፣ የትና በምን መጠን እንደተመታ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስያሜና ዓይነቶች

ሳንቲም የሚመታው በሁለት የመምቻ ብረቶች ነው። የመምቻ ብረት ማለት ምስሉና ጽሑፉ በግልባጭ የተቀረጸበት ጠንካራ ብረት ሲሆን፣ ክቡ ማዕድን በሁለቱ መካከል ገብቶ በከፍተኛ ኃይል ሲጨፈለቅ የሁለቱንም ገጽ ቅርጽ ይይዛል። የሙከራ ሳንቲም የሚሠራው አዲስ የመምቻ ብረት ሲዘጋጅ ነው። በፈረንሳይ ማተሚያ ቤት ልማድ እንዲህ ያለው ናሙና «ኤሴ» ይባላል፤ ትርጉሙም «ሙከራ» ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ቃሉ ራሱ በሳንቲሙ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋል።

ከሙከራ ሳንቲም ጋር በተደጋጋሚ የሚምታቱ ሌሎች ዓይነቶች አሉ፦

የጸደቀ ሙከራ፦ ንድፉ ተቀባይነት አግኝቶ በኋላ በመደበኛነት የተመታ ሳንቲም የመጀመሪያ ናሙና ነው።

ያልጸደቀ ሙከራ፦ ቀርቦ ሳይመረጥ የቀረ ንድፍ ነው። ምስሉ ወይም ጽሑፉ በመገበያያ ሳንቲም ላይ አይገኝም።

የማዕድን ሙከራ፦ በመደበኛው የመምቻ ብረት፣ ነገር ግን በሌላ ማዕድን የተመታ ነው። ለምሳሌ የብር ሳንቲም በመዳብ ወይም በወርቅ ሊመታ ይችላል።

ድርብ ውፍረት ያለው፦ በመደበኛው ቅርጽ ሆኖ ውፍረቱና ክብደቱ የሚጨምር ናሙና ነው። በፈረንሳይ ማተሚያ ቤት የቆየ ልማድ ነው።

የክብር ምት፦ በተወለወለ የመምቻ ብረትና በልዩ ጥንቃቄ ለሰብሳቢዎች ወይም ለስጦታ የሚዘጋጅ ሳንቲም ነው። ንድፉ አስቀድሞ የጸደቀ ስለሆነ ሙከራ አይባልም።

የፈጠራ ሳንቲም፦ በየትኛውም መንግሥት ያልታዘዘ፣ ግለሰቦች ለሽያጭ ብለው ያሠሩት ነው። ብዙ ጊዜ «ብርቅዬ ሙከራ» ተብሎ ይሸጣል።

ታሪካዊ መነሻ

የንጉሥን ምስል በሳንቲም ላይ ማውጣት በኢትዮጵያ የተጀመረው በአክሱም ዘመን ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ በወርቅና በብር ሳንቲም አወጣ። በአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ላይ የንጉሡ ምስል በሁለት የስንዴ ዛላዎች መካከል ይታያል። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ አናት ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት በመስቀል ተተካ። የወርቁ ሳንቲም ጽሑፍ ለውጭ ንግድ እንዲያመች በአብዛኛው በግሪክኛ ሲሆን፣ ግእዝን በሳንቲም ላይ በመጀመሪያ ያዋለው ንጉሥ ዋዜባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በየመን አል መድሃሪባ በተባለ ስፍራ ከተገኙት 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች 868ቱ የአክሱም መሆናቸው ገንዘቡ ከባሕር ማዶ ይዘዋወር እንደነበር ያሳያል። የአክሱም ሳንቲም መመታት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ቆመ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ከአንድ ሺህ በላይ ዓመታት በደጋው አገር የንጉሥ ምስል ያለበት ሳንቲም አልተመታም። ገበያው በአሞሌ ጨው፣ በጨርቅ፣ በብረትና በኋላም በጥይት ይካሄድ ነበር። የሐረር አሚሮች የራሳቸውን ትንንሽ ሳንቲሞች ያወጡ ነበር፤ በእነዚህ ላይ ግን ስም በዓረብኛ ይጻፋል እንጂ ምስል አይታይም። ምኒልክ ሐረርን ከያዙ በኋላም በ1885 ዓ.ም. በዚያው ከተማ በስማቸው ትንሽ የብር መሐለቅ ተመትቷል።

በትልቁ ንግድ የነገሠው ግን የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ክብደቱ 28.0668 ግራም፣ የብር ንጽሕናው ከሺህ 833 እጅ ነው። ንግሥቲቱ በሞተችበት በ1780 እ.ኤ.አ. ዓመቱ በሳንቲሙ ላይ እንዳለ ቀርቶ፣ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሚላን፣ በቬኒስ፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ያንኑ ዓመት ይዞ ተመቷል። ባላገሩ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁ በዕንቁ እየቆጠረ ይቀበል ስለነበር ቅርጹን መለወጥ የማይታሰብ ነበር።

የዳግማዊ ምኒልክ ሳንቲሞች

አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1893) የአገሪቱ የራሷ ገንዘብ እንዲወጣ አዘዙ። ሥራው ለፓሪስ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ተሰጠ። በዚያን ጊዜ የማተሚያ ቤቱ ዋና ቀራጭ ዣን ላግራንዥ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች 1887 የሚል ዓመት ይዘው ወጡ።

ትእዛዙ የፖለቲካ ትርጉም ነበረው። ጣሊያን በኤርትራ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የንጉሥ ኡምቤርቶን ምስል የያዘ ብር በማውጣት የማርያ ቴሬዛን ቦታ ለመውሰድ ትሞክር ነበር። የምኒልክ ብር የወጣው ከዓድዋ ጦርነት አስቀድሞ ነው። በፊቱ ገጽ ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት ምስልና «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ፣ በጀርባው ደግሞ ባለ ሰንደቅ አንበሳ ይገኛል።

ገንዘቡ እንደሚከተለው ተከፋፍሏል፦

ብር፦ ዋናው መለኪያ። ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ንጽሕናው ከሺህ 835 እጅ።
አላድ፦ የብር ግማሽ።
ሩብ፦ የብር አራተኛ።
ተሙን፦ የብር ስምንተኛ።
ግርሽ (መሐለቅ)፦ የብር ሃያኛ።
ቤሳ (መቶኛ)፦ ከመዳብ የተሠራ የብር መቶኛ።

የብሩ ክብደትና ንጽሕና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር ሊገጥም ምንም ያህል አልቀረውም። የተቀመጠውም ነጋዴው ሁለቱን አንድ ለአንድ እንዲለዋወጥ ታስቦ ነው። ሆኖም ገበያው አዲሱን ብር በቀላሉ አልተቀበለውም። በብዙ ቦታ የማርያ ቴሬዛ ብር ተመራጭነቱን ይዞ የቆየ ሲሆን፣ ከሕጋዊ መገበያያነት የወጣው በ1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1945) አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሥራ ላይ ሲውል ነው። ትንንሾቹ የምኒልክ ሳንቲሞች ግን በአሞሌና በጥይት ይደረግ የነበረውን የዝርዝር ንግድ ቀስ በቀስ ተክተዋል።

1889 ዓ.ም. የሚል ዓመት የያዙ የወርቅ ሳንቲሞችም አሉ። «ወርቅ» የሚባለው 7 ግራም ይመዝናል፤ ግማሹና ሩቡም ተመትተዋል። በገበያ ብዙ ያልተዘዋወሩ በመሆናቸው ዛሬ ከመደበኛው ብር ይልቅ ብርቅ ናቸው። በ1895 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሳንቲም መምቻ መሣሪያ ስለተተከለ ከፓሪስ ውጭ በአገር ውስጥ የተመቱም አሉ።

የአንበሳው እግር

የምኒልክ ብር ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚያዩት የአንበሳውን የፊት እግር ነው። 1887 እና 1889 ዓ.ም. በሚሉት ብሮች ላይ አንበሳው የግራ እግሩን አንሥቷል። 1892 ዓ.ም. በሚለው ላይ ያነሣው የቀኝ እግሩን ነው። ይህ አዲስ የመምቻ ብረት መሠራቱን ያመለክታል። አንድ ሰው «የ1887 ሙከራ» ብሎ የቀኝ እግሩን ያነሣ አንበሳ ቢያቀርብ የዓመቱና የንድፉ አለመጣጣም ብቻውን ለጥርጣሬ በቂ ነው።

የማተሚያ ቤት ምልክቶችም በዚሁ መንገድ ይረዳሉ። ፓሪስ የላቲን ፊደላት የመጀመሪያውን ፊደል እንደ መለያ ይጠቀማል። ከፊደሉ ጋር ከሚገኙት ሁለት ትንንሽ ምልክቶች አንዱ ፍሬ የሞላበት ቀንድ ነው። ሌላው የዋና ቀራጩ ምልክት ሲሆን፣ በላግራንዥ ጊዜ እስከ 1896 እ.ኤ.አ. የታሰረ የበትር ነዶ፣ ከዚያ ወዲህ በተተካው በአንሪ ፓቴ ጊዜ ደግሞ ችቦ ነበር።

የዓመቱ አነባበብና የቆመ ዓመት

ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ይጻፋል። ፲፰፻፹፯ ሲነበብ ፲፰ (18)፣ ፻ (መቶ)፣ ፹ (80) እና ፯ (7) ነው፤ ይኸውም 1887 ይሆናል። ፲፰፻፹፱ 1889፣ ፲፰፻፺፪ 1892፣ ፲፰፻፺፭ ደግሞ 1895 ነው። ዘመኑ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ በውጭ ካታሎግ ከ7 ወይም 8 ዓመት ጭማሪ ጋር ይገኛል።

በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዓመት ሳንቲሙ የተመታበት ዓመት ላይሆን ይችላል። 1895 የሚሉ የግርሽ ሳንቲሞች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተመትተዋል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም ከ1936 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ ዘመኑ ማብቂያ ያንኑ 1936 ይዘው ቀጥለዋል። ስለዚህ ዓመትን ብቻ አይቶ «የመጀመሪያው ናሙና ነው» ማለት አይቻልም።

ከምኒልክ በኋላ

ንግሥት ዘውዲቱ (1909–1922 ዓ.ም.) በዘመናቸው በምስላቸው የተመታ መደበኛ መገበያያ ሳንቲም የላቸውም፤ የምኒልክ ሳንቲሞች አገልግሎት መስጠታቸውን ቀጥለዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በነገሡበት በ1923 ዓ.ም. የንጉሡን ምስል የያዙ የመዳብና የኒኬል መቶኛዎች ወጡ። የዘውድ በዓሉን ለማሰብም ወርቅና ግማሽ ወርቅ ተመትቷል።

በ1936 ዓ.ም. የወጡት ሳንቲሞች ሙከራ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ታሪክ አላቸው። ክቡ የመዳብ ባለ 25 ሳንቲም ከብር ማዕድን ከተሠራው ባለ 50 ሳንቲም ጋር በስፋት ይቀራረብ ነበር። አጭበርባሪዎች የመዳቡን ሳንቲም ብር እየቀቡ በእጥፍ ዋጋ ማሳለፍ ጀመሩ። መንግሥት ባለ 25 ሳንቲሙን ሰብስቦ ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል አስቆረጠው፤ ቀጥሎ የተመቱትም በዚሁ ጠርዝ ወጡ። በእጅ ሲዳሰስ ከ50 ሳንቲም ወዲያው እንዲለይ ያደረገው ይህ ለውጥ ነው። ሁለቱም ዓይነት ባለ 25 ሳንቲሞች ዛሬ በስብስቦች ይገኛሉ፤ ክቡ በአንጻሩ ብርቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 ለሰብሳቢዎች በብር ማዕድን በተዘጋጀ ተከታታይ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ፣ የአፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ የአፄ ምኒልክ፣ የንግሥት ዘውዲቱና የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስሎች ወጡ። ቴዎድሮስና ዮሐንስ በዘመናቸው ሳንቲም ስላላወጡ፣ ዘውዲቱም በምስላቸው የተመታ መደበኛ ሳንቲም ስላልነበራቸው፣ ተከታታዩ ነገሥታቱን በአንድነት በሳንቲም ላይ ያሳየ ሥራ ሆኗል። እነዚህ የክብር ምቶች እንጂ የሙከራ ሳንቲሞች አይደሉም።

ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በወጡት የደርግ ሳንቲሞች ላይ የንጉሥ ምስል ቀርቶ የአንበሳ ራስ ገባ። የዛሬዎቹ ሳንቲሞችም የገዥ ምስል የለባቸውም።

በሳንቲም ላይ ያልወጡ ገዥዎች

የምኒልክ ብር የወጣበት 1887 ዓ.ም. የወላይታው ካዎ ጦና የተሸነፉበት ዓመት ነው። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ተያዙ። በዚሁ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የምኒልክ ጦር ዛሬ ጂንካና ገዘር ወዳሉበት የአሪ አገር ደረሰ። የአሪ ሕዝብ በየአካባቢው «ባቢ» በሚባሉ በዘር ሐረግ በሚተካ መሪዎች ይተዳደር ነበር። ከወረራው በኋላ ባቢዎቹ በባላባትነት ከአዲሱ አስተዳደር ጋር ተያያዙ፤ ሕዝቡም እስከ ጣሊያን ወረራ በገባርነት ሥር ቆየ።

ካዎም ሆነ ባቢ በሳንቲም ላይ አይታይም። በደቡብ ሀብት የሚቆጠረው በከብት ነበር፤ የመሪ ክብርም የሚገለጸው በሥርዓትና በጌጥ እንጂ በገንዘብ ላይ ባለ ምስል አልነበረም። ለእነዚህ ሕዝቦች የንጉሠ ነገሥቱ ብር የመጣው ከወታደር፣ ከነጋዴና ከግብር ሰብሳቢ ጋር ነው። ስለዚህ በገዘር ወይም በጂንካ አካባቢ በአንድ ቤት የተቀመጠ የምኒልክ ወይም የማርያ ቴሬዛ ብር ቤተሰቡ ከየት እንዳገኘው ከተመዘገበ የአካባቢው ታሪክ ማስረጃ ይሆናል። ታሪኩ ሳይጠየቅ ከተሸጠ ግን የሚቀረው ብሩ ብቻ ነው። የአካባቢውን ሕዝቦች ባህላዊ ቁሳቁስ ለማየት በጂንካ ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የሚገኘው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም ይረዳል።

ትክክለኛነትን መመርመር

ክብደት፦ ትክክለኛ የምኒልክ ብር 28 ግራም ገደማ መመዘን አለበት። በአገልግሎት የተፋቀ ሊቀንስ ይችላል፤ በብዙ የሚያንስ ወይም የሚበልጥ ግን ሐሰተኛ፣ ወይም የማዕድን ወይም የውፍረት ሙከራ ሊሆን ስለሚችል ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል።

እፍጋት፦ ከሺህ 835 እጅ ብር የሆነ ቅይጥ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 10.2 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሳንቲሙ በክር ታስሮ ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲመዘን ክብደቱ 2.75 ግራም ገደማ መቀነስ ይኖርበታል። በዚያው መጠን ከመዳብ ተሠርቶ ብር የተቀባ ሳንቲም ወደ 24.7 ግራም ብቻ ይመዝናል። ዘዴው ሳንቲሙን አይጎዳም።

ማግኔት፦ ብር፣ መዳብና ወርቅ በማግኔት አይሳቡም። የተሳበ ሳንቲም ውስጡ ብረት አለ ማለት ነው። አለመሳቡ ግን ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም። የ1923 ዓ.ም. የኒኬል ሳንቲሞች በተፈጥሯቸው ስለሚሳቡ ይህ መመዘኛ ለእነርሱ አይሠራም።

ፊደል፦ ሐሰተኛ ሳንቲም ሠሪዎች ብዙ ጊዜ ግእዝ ስለማያነቡ ፊደል ያዛባሉ። የ«ዘኢትዮጵያ» እና የግእዝ ቁጥሮቹ አጣጣል በጥንቃቄ መታየት አለበት።

ገጽታ፦ በቀለጠ ማዕድን ተጥለው የተሠሩ ሐሰተኞች ገጻቸው ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች፣ በጠርዛቸው ዙሪያ ደግሞ የመጋጠሚያ መሥመር ይታይባቸዋል። በትልቁ ብር ጠርዝ ላይ ያለው ጽሑፍ መጥፋትም ምልክት ነው።

የባለቤትነት ታሪክ፦ ለሙከራ ሳንቲም ዋነኛው ማስረጃ ይህ ነው። ከየትኛው ስብስብ እንደወጣና በየትኛው ጨረታ እንደተሸጠ የሚያሳይ ሰነድ የሌለው «ሙከራ» በጥርጣሬ ይታያል። ዓለም አቀፍ ካታሎጎች የሙከራ ሳንቲሞችን ከመደበኞቹ ለይተው በራሳቸው ቁጥር ይመዘግባሉ። ለዘመናዊው ገንዘብ የዴኒስ ጊል፣ ለአክሱም ደግሞ የስቱዋርት መንሮ ሄይ ጥናቶች መነሻ ናቸው፤ ስለ ገንዘቡ ታሪክ ሪቻርድ ፓንክረስት በስፋት ጽፈዋል።

አያያዝ

አሮጌ ሳንቲምን በሎሚ፣ በአሸዋ ወይም በጥርስ ሳሙና ማጽዳት የላይኛውን ገጽ ስለሚፍቅ ለሰብሳቢ ያለውን ዋጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ብር ሲያረጅ የሚይዘው ጠቆር ያለ ቀለም ራሱ መከላከያ ነው። ሳንቲሙ በጠርዙ ብቻ ይያዛል፤ ከእርጥበት ርቆ በወረቀት ወይም ለሳንቲም ተብሎ በተዘጋጀ መያዣ ይቀመጣል። ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ ጊዜ ሲሄድ አረንጓዴ ዝቃጭ ስለሚፈጥር አይመከርም።

ትልቁ ጉዳት ግን ማቅለጥ ነው። አንጥረኞች የማርያ ቴሬዛና የምኒልክ ብሮችን ለመስቀልና ለጌጥ ሥራ ሲያቀልጡ ኖረዋል። አንድ ብር ሲቀልጥ የሚተመነው በማዕድኑ ክብደት ብቻ ስለሆነ፣ ብርቅ ዓመት ወይም የሙከራ ምት ቢሆን እንኳ ሳይታወቅ ይጠፋል።

ሕግና ሙዚየሞች

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። በቁፋሮ ወይም በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት። ይህ በተለይ በአክሱምና በአካባቢው በእርሻ መሬት ላይ ለሚገኙ ሳንቲሞች አስፈላጊ ነው፤ ከተገኘበት ቦታ ተነጥሎ የተሸጠ የአክሱም ሳንቲም ለአርኪዮሎጂ የሚሰጠው መረጃ ጥቂት ነውና።

በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየምና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጥንታዊ ሳንቲሞች ይታያሉ። ከአገር ውጭ የብሪቲሽ ሙዚየም የአክሱም ሳንቲሞች ስብስብ ይጠቀሳል። የምኒልክ ብር በፓሪስ የተሠራ በመሆኑ ናሙናዎቹ በአውሮፓ ስብስቦችና ጨረታዎች ይገኛሉ። በዚህም ምክንያት የኢትዮጵያን የሙከራ ሳንቲሞች ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ አገር ውስጥ ካሉት መደበኛ ሳንቲሞች ጀምሮ በውጭ ካሉት ናሙናዎች ጋር ማነጻጸር ይኖርበታል።